የጋሽ ወልዴ ቀጭኔ

ማኅተሙን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ይህን ከፊት የማስቀድመው በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው፤ ድሬዳዋ ባቡሩ ሲቆም ወሬው ያልቆመላት ከተማ ናት። ዛኪር እባላለሁ። ከዚራ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ እለብጣለሁ፣ ማኅተምና ቲተር እቀርጻለሁ። ለመሥሪያ ቤት ማኅተም የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቃል። ለቲተር ግን ማንም ምንም አይጠይቅም፤ ስምህንና ማዕረግህን ነግረኸኝ ትሄዳለህ፣ ከሰዓት በኋላ መጥተህ ሥራ አስኪያጅ ሆነህ ትመለሳለህ። በዚህ ዓይነት ስንቱን እንደሾምኩ መንግሥት ቢያውቅ ይቀናብኝ ነበር።

ጋሽ ወልደጻድቅን ግን ዳኛ አድርጌ ነው የሾምኩት። የቴምብር ዳኛ።

ጋሽ ወልዴ ሠላሳ አራት ዓመት በምድር ባቡር የመልእክት ክፍል ሠርቷል። የፖስታ ከረጢት ከፉርጎ ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ መረከቡን ይፈርማል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ ሥራ እንደሚገባ ሰው በሰዓቱ ከቤት ይወጣል። የባቡር ሰው እንዲህ ነው፤ ባቡሩ ቆሞም እነሱ አልወረዱም። ለባቡር ሰው ደግሞ ሙሴ ያለው አለቀ፣ ደቀቀ። ሙሴ ማለት የድሮው ፈረንሳዊ አለቃ ነው። ስንት ሙሴ እንደነበረ እኔ አላውቅም፣ በጋሽ ወልዴ አፍ ግን ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ቤቱ ግድግዳ ላይ ሙሴ ትቶለት የሄደ ሰዓት አለ። ከቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስንት ሰዓት ነው ስትለው ግን መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው እሱን ነው።

ይኸው ሙሴ አገሩ ሊገባ ሻንጣውን ሲያስር ለወጣቱ ወልደጻድቅ አንዲት ቴምብር ሰጠው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ቀጭኔ አለባት። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ባሕር ማዶ ታትመው ለአገራችን ፖስታ ከመጡት ቴምብሮች ወገን ናት። «ኦሪጅናል ናት፤ ጠብቃት» አለው ሙሴ። ጋሽ ወልዴም ጠበቃት። ሚስት ሲያገባ ባዶ የኪስ ሰዓት ማኅደር ውስጥ ነበረች፣ ሚስቱ ስትሞትም እዚያው ነበረች። ሙሴ ራሱ ከየት አገኛት ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሙሴን ከየት አመጣኸው ይባላል እንዴ!

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አንድ ወሬ ገባ። ውጭ አገር አንድ ሰው ከኢትዮጵያ የተላከ አሮጌ ፖስታ ሸጦ ባጃጅ ገዛ ተባለ። ወሬው ከከዚራ ሲነሣ ባጃጅ ነበር፤ የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ሚኒባስ ሆነ፣ መጋላ ሲደርስ አይሱዙ፣ ዞሮ ሳቢያን ሲገባ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት። ያን ሳምንት በድሬ ያልተከፈተ ሳጥን የለም። የፍቺ ወረቀት፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ የእናት የኒካህ ውል፣ ሁሉም ፀሐይ ሞቀ። ሁለት ቤተሰብ ቴምብር ፍለጋ ገብቶ ያልጠበቀውን ወንድም አግኝቶ ወጣ።

ቴምብር የሚያውቅ ማነው ሲባል ሁሉም ጣት ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረ። እሱም በአሥር ሰዓት፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትራራ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ይሰየማል። ነጭ መሐረብ ይዘረጋል። ቀጭኔዋን ከማኅደሯ በወረንጦ ያወጣትና መሐረቡ ላይ ያስተኛታል። ያንተን ከጎኗ ያስቀምጣል። ከዚያ በአጉሊ መነጽሩ አንዴ እሷን ያያል፣ አንዴ ያንተን። ዘዴው ይኸው ነው፤ ሌላ መጽሐፍ የለም፣ ሌላ ሚዛን የለም። እሷን ከመሰለ እውነተኛ፣ ካልመሰለ ፎርጅድ። ያንተ ቴምብር ላይ ያለው አንበሳ ቢሆን እንኳ ከቀጭኔዋ ጋር ነው የሚተያየው። ለፍርዱ የሚከፈል የለም፤ ስኳር የሌለው አንድ ሻይ ትጋብዘዋለህ፣ አለቀ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የመጡት ዳኛ የሚያስፈልጋቸውም አልነበሩም። አንድ ሰው ከመልካ ጀብዱ ድረስ ከደብተር ልባስ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ቀጭኔ ይዞ መጣ። ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለ። «አሮጌ ነው እኮ» ብሎ ተከራከረ፣ «እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው!» ቀጥሎ ገዲ መጣ። ገዲ ገበያ ውስጥ የስልክ ልባስ የሚሸጥ ጎረምሳ ነው። ከአርባ የተለያዩ አያቶች የወረሳቸው አርባ ፖስታዎች አሉኝ አለ፤ አርባውም አያቶች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ነው የጻፉት። ወረቀቶቹ ግን ጠይመዋል፣ አሮጌ መስለዋል። ጋሽ ወልዴ አንዱን አነሣና አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። «ቀረፋ አለው» አለ። ገዲ ለካ ከእናቱ ማንቆርቆሪያ በተረፈ ሻይ ነክሮ፣ በካውያ ተኩሶ ነው ያመጣቸው። ያን ቀን ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሽ ወልዴም በአንድ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ሰው ሆነ።

ክፋቱ የመጣው ከዚህ ድል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ወልዴ የጠየመ ወረቀት ባየ ቁጥር ሻይ ነው የሚታየው። ቀጭኔዋ እንደ ወተት ነጭ ናት፤ ስለዚህ እውነተኛ ቴምብር ነጭ ነው፣ ያልነጣ የተነከረ ነው። እኔም ጎሽ እል ነበር።

በሳምንቱ ሱቄ መጣና ቲተር አዘዘኝ። «ተመርምሮ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል፣ ከሥሩ ስሙ ያለበት፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሁን አለ። የተፈረደበትን ፎርጅድ ሁሉ ጀርባው ላይ ሊመታበት፣ ሌላ ሰው እንዳይታለል።

«እውነተኛ ለሆነውስ አንድ አልቀርጽልህም?» አልኩት።

«እሱ ሲመጣ እናስብበታለን» አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላሰብንበትም።

አዴ ሸፊቃ መጋላ ውስጥ ሽርጥና ሻሽ ትሸጣለች። አዴ የምንላት እናት እንደማለት ነው፤ ምላሷ ግን የእንጀራ እናት ነው። እሷ ጋ ዋጋ የሚከራከር ሰው ሽርጡን ገዝቶ ይቅርታም ጠይቆ ነው የሚሄደው። የአባቷ አባት በወጣትነቱ ነፍሰ ጡር ሚስቱን እዚህ ትቶ ለንግድ አዲስ አበባ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሰፈሩ «ሌላ አግብቶ ነው» አለ። ሚስቲቱ ግን በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነበራት፤ «በሽታ ይዞኝ ነው የዘገየሁት፤ ሲሻለኝ እመጣለሁ፤ ወንድ ከሆነ ጃማዕ በዪው» የሚል። ወንድ ሆነ፣ ጃማዕ ተባለ። የአዴ ሸፊቃ አባት እሱ ነው። ጃማዕ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ፖስታ ከቁርኣኑ ጋር በአንድ ከረጢት ይዞት ኖረ፤ አባቴ አልካደንም ለማለት ሌላ ምስክር አልነበረውማ። ክፉ አፍ ደግሞ «ደብዳቤውን የጻፈው ራሱ ጃማዕ ነው፣ የእናቱን ኀፍረት ሊሸፍን» ይል ነበር።

ጃማዕ በሞተ በዓመቱ አዴ ሸፊቃ ፖስታውን በሻሽ ጠቅልላ ከኒሙ ሥር መጣች። «አልሸጠውም» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ወላሂ ሚሊዮን ቢሰጡኝ አልሸጠውም። የሚያውቅ ሰው አይቶ፣ ሰው ፊት እውነት ነው እንዲልልኝ ብቻ ነው።»

ሃያ ሰው ከቦናል፤ እኔ ከጋሽ ወልዴ ጎን ቆሜያለሁ። ፖስታው ጠይሟል፣ ማዕዘኑ ተበልቷል፣ ፊቱ ላይ ቀጭኔ ያለባት ቴምብር አለች። ጋሽ ወልዴ የራሱን ቀጭኔ ከጎኗ አስተኛ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ የአዴ ሸፊቃን። ደብዳቤውን አልከፈተም። ቴምብሯ ላይ የተመታውን የፖስታ ቤት ማኅተም አላነበበም። ምን ያደርግለታል፣ ቀለሙን አይቶ ጨርሷል።

«ሻይ» አለ።

«ምን?»

«ሻይ ነው፤ ተነክሯል። ቀጭኔዋን እያት እስቲ፣ እንዴት ነጭ እንደሆነች! የዚያን ዘመን ወረቀት እንዲህ ነው።»

«አባቴ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም፣ ጋሽ ወልዴ» አለች አዴ ሸፊቃ፤ ከልቧ ነበር። ሰዉ ግን ለቀልድ ወሰደውና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ወልዴ ፖስታውን ገለበጠ፣ ቲተሩ ላይ እስትንፋሱን እፍ አለበት፣ ጠቅ! ያች ጠቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች፤ ጎማውን በደንብ ነበር የቀረጽኩት። ወይን ጠጁ ቀለም ያረፈው ጀርባው ላይ ከነበረች አንዲት ክብ የድሮ ማኅተም ላይ ነው። አዴ ሸፊቃ አልተሳደበችም። ፖስታውን አንሥታ፣ ቀለሙ ሌላ ቦታ እንዳይነካካ እፍ እፍ እያለችበት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስሟ «ሸፊቃ ሻይ» ሆነ። ልጇን አያንን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ሻይ ሲቀርብላቸው እርስ በርስ ተያይተው ከንፈራቸውን ነከሱ። ጋብቻው አልቀረም፤ የአዴ ሸፊቃ አንገት ግን ያን ቀን ተሰበረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ጃማዕ መቃብር ገብቶ ያገኘው ስም «ደብዳቤ ፎርጅድ ያደረገው» የሚል ነው። በድሬ ደንብ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፤ አንቱ ያሉህ ቀን ወይ ታመሃል ወይ ተጠልተሃል። አዴ ሸፊቃ ጋሽ ወልዴን መንገድ ላይ ስታገኘው «እንደምን ዋሉ» ትለው ጀመር። እሱ አከበረችኝ ብሎ ደስ ይለው ነበር፤ እንዲህ ያለ የዋህ ነው።

ዘንድሮ ሶፊ መጣች። ሶፊ የከዚራ የባቡር ሰው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ አሮጌ ሰነድ መርምሮ መለየት ነው ሥራዋ። የድሬዳዋ የድሮ ደብዳቤዎች ዐውደ ርእይ ሊዘጋጅ ነው ተብሎ፣ የሚታየውን መርጣ መግለጫ እንድትጽፍ ተጋበዘች። የዝግጅቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኃይለመለኮት ነው፤ ስብሰባ ላይ ተወልዶ ስብሰባ ላይ ጥርስ ያበቀለ የሚመስል ሰው። እሱ ሶፊን ሳይጠብቅ ባነር አሳትሟል። አምስት ሜትር ባነር ላይ የጋሽ ወልዴ ቀጭኔ እውነተኛ ቀጭኔ አክላ፣ ከሥሯ «ኦሪጅናሏ ቀጭኔ» ተብሎ ተጽፎባታል።

ሶፊ ቀጭኔዋን ከጋሽ ወልዴ ተውሳ ሱቄ መጣች፤ ስካነሬ ላይ አጉልታ ልታያት። ከራሷ ፋይል የዋናዎቹን ምስል አውጥታ ኮምፒውተሬ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። መስመር በመስመር አስተያየቻቸው።

«ዛኪር፣ ጥርሶቿን እያቸው» አለችኝ በመጨረሻ። ቴምብር ዳርና ዳሩ ላይ ያለው የተበሳሳ ጠርዝ ጥርስ ነው የሚባለው። የጋሽ ወልዴ ቀጭኔ ጥርስ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ሥዕሉም ከመሐል ሸሽቷል። የቀጭኔዋ እግር መስመሮች ዋናው ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ የኛዋ ላይ ተጣብቀው ጭቃ ሆነዋል። ጀርባዋ ላይ ያለው ሙጫም ሌላ ነው።

«ፎርጅድ ናት?» አልኳት።

«ፎርጅድ አይደለችም፤ እንደገና የታተመች ናት። የዋናዎቹ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ለቴምብር ሰብሳቢ የሚሸጥ ብለው በሌላ ወረቀት ደግመው ያተሟት። ፖስታ ቤት ደርሳ አታውቅም። አንድ ደብዳቤ ተሸክማ አታውቅም።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ወረቀቷ ራሱ ይነግርሃል። መቶ ዓመት አልፎት የማይጠይም ወረቀት አለ እንዴ? ድሬ ላይ እኛ ራሳችን ጠይመናል።»

ሻይ ነው፤ ተነክሯል። የጋሽ ወልዴ ያች ቃል ትዝ አለችኝ። የአዴ ሸፊቃን ታሪክ ነገርኳት። ሶፊ ያላየሁትን አልፈርድም አለች፤ «ነገር ግን የተፈረደበት በጠየመ ብቻ ከሆነ፣ ምንም አልተፈረደበትም።»

እስኪመሽ ሳንጠብቅ ያኔውኑ ጋሽ ወልዴ ቤት ሄድን። ሶፊ ቀስ አድርጋ፣ እንደ ሐኪም አስረዳችው። «ሙሴ አይዋሽም» አለ። «ሙሴ አልዋሸም ይሆናል፤ ለእሱም የሸጠለት ሰው ይኖራል» አለችው። ጋሽ ወልዴ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽሩ አየ። ዘጠኝ ዓመት ያየበት ያው መነጽር ነው። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ «ዛኪር፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። እኔ እሱን ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ሰዓት ጠይቆኝ አያውቅም። አሥራ አንድ ከሩብ ነው አልኩት።

«ስንቱን መታን?» አለ።

«አብዛኛው እኮ የገዲ ዓይነት ነው ጋሽ ወልዴ…»

«የሸፊቃን መትቻለሁ» አለ። ዘጠኝ ዓመት ረስቶት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ልቤ ለእሱ አዘነ፤ ደግሞም በራሴ ተናደድኩ።

በማግሥቱ ጋሽ ወልዴ እኔን አስከትሎ አቶ ኃይለመለኮት ቢሮ ገብቶ፣ ቀጭኔዋ እንደገና የታተመች ናት፣ ባነሩ ይውረድ አለ። አቶ ኃይለመለኮት ግራ ገባው። «ባነሩ እኮ ታትሟል!» አለ።

«ቢታተምስ፤ ውሸት ነው።»

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ እርስዎ የከተማዋ ሀብት ነዎት። እውነቱን እኛም አንጠላውም። ከዝግጅቱ በኋላ ግምገማ አለ፤ በክፍተት እንይዘዋለን።»

ከዚያ ወጥተን መጋላ ወረድን። አዴ ሸፊቃ ሽርጥ እያጠፈች ነበር። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተሳሳትኩ አላት። የኔ ቀጭኔ ናት ሐሰተኛዋ፣ ያንቺን ፖስታ ዳግም ልየው አላት። አዴ ሸፊቃ ሽርጡን አጥፋ ጨረሰች፤ ሌላ አነሣች።

«ዛኪር፣ እኚህ ሰውዬ ምን እያሉ ነው? አልተሰማኝም» አለችኝ።

«ተሳስቻለሁ ይልሻል፣ አዴ።»

«ሀዬ፣ እሺ። ያን ቀን ሻይ ሲሉኝ ደቻቱ ማዶ ተሰምቷል። ዛሬ ጉሮሯቸውን አሟቸዋል?» ከዚያ ወደሱ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አባቴን ሰው ፊት ነው ውሸታም ያሉት። ሰው ፊት ይመልሱልኝ። በሹክሹክታ የሚመለስ ስም የለም።»

ዐውደ ርእዩ የተከፈተው ቅዳሜ ነው፤ አዳራሹ ሞልቷል። መሐል ላይ ባዶ የመስታወት ሣጥን ቆሟል፤ ከላይ ባነሩ ቀጭኔዋን እንደ ሰማይ ዘርግቷታል። አቶ ኃይለመለኮት ረጅም ንግግር አድርጎ ማይኩን ለጋሽ ወልዴ ሰጠ። ጋሽ ወልዴ ባነሩን በጣቱ አሳየ።

«ይቺ ቀጭኔ ኦሪጅናል አይደለችም» አለ። «እንደገና የታተመች ናት። በእሷ ለክቼ ሰው ላይ ፈረድኩ። የጃማዕን ልጅ የሸፊቃን ፖስታ ሻይ ያልኩት በሐሰት ነው።»

ሰዉ አጨበጨበ። ትሕትና መስሎት ነው። አቶ ኃይለመለኮት ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ከፊት አንዷ፣ «አይ ትልቅ ሰው፣ እንዴት ራሱን ዝቅ ያደርጋል!» አለች። ኋላ ያሉት ደግሞ «አርጅቷል፣ ተውት» ይባባላሉ። «ሸፊቃ ምን አብልታው ነው?» ያለም አለ። ተሳስቶ ሲፈርድ ዘጠኝ ዓመት ያመነው ሕዝብ፣ እውነት ሲናገር በአንዴ ጤናውን ተጠራጠረ። ገዲ ብቻ ነው የተናገረውን አምኖ ብድግ ያለው።

«እንግዲያው የኔም አርባ ፖስታ እውነት ነው ማለት ነው!»

«ያንተማ ቀረፋ አለው፤ ተቀመጥ» አለው ጋሽ ወልዴ።

ሳቁ አዳራሹን ሞላው፤ ነገሩ ሊበላሽ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ወልዴ ማይኩን አስቀመጠ። ማኅደሩን ከፍቶ ቀጭኔዋን አወጣ፣ በግንባሯ ጠረጴዛው ላይ ደፋት። ከኪሱ ቲተሩን አወጣ። እስትንፋሱን እፍ አለበት። ጠቅ!

የተቀመጡት ለማየት ተነሡ። የምወዳትን ከተማዬን እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ድሬ ቃሉን አላመነችም፣ ማኅተሙን አይታ አመነች። አቶ ኃይለመለኮት እንኳ ቀና ብሎ ባነሩን አይቶ በኀፍረት ሲያልቅ አየሁት።

አዴ ሸፊቃ ከኋላ በኩል ቆማ ነበር ለካ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። በሻሽ የተጠቀለለውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጋሽ ወልዴ የሚያስጠጋት ቀጭኔ የለችውም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፖስታውን ራሱን አየው። ፊቱ ላይ ያለውን የአዲስ አበባ ማኅተም ቀን አነበበ። ገለበጠው። የድሬዳዋዋ ክብ ማኅተም ከራሱ ቲተር ሥር ናት፤ በወይን ጠጁ ቀለም ውስጥ አሾልኮ፣ አጉሊ መነጽሩን እያቀረበና እያራቀ ብዙ ደከመ።

«ከአዲስ አበባ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ወጥቷል» አለ። «ድሬ በአሥራ ሦስት ገብቷል። አንድ ሌሊት። ያን ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም፣ አዋሽ ነው የሚያድረው። ከረጢቱ አዋሽ አድሮ፣ በማግሥቱ ማምሻውን እዚህ ወርዷል። ሻይ የሚነክር ሰው ይህን አያውቅም።» ይህን መጽሐፍ አልነገረውም፣ ሙሴም አልነገረውም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከሽማግሌ ፖስተኞች ጋር ከረጢት ሲያወርድ የሰማው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚያውቀውን ትቶ በማያውቀው ሲፈርድ ኖሯል።

ቀና አለ። ማይክ አልያዘም፣ ግን ሁሉም ሰማው።

«እውነተኛ ነው።»

«እሱን እኔ ድሮም አውቃለሁ» አለች አዴ ሸፊቃ። «እነሱ ይስሙ ብዬ ነው።»

እኔ ከእንጨት የተሠራ አንጎል ነው ያለኝ። ሮጥ ብዬ፣ «አዴ፣ ከፈለግሽ እሱን የሚሽር ሌላ ቲተር እቀርጽልሻለሁ፤ በነጻ» አልኳት።

«አቦ ተወኝ! እስካሁን የቀረጽከው አይበቃህም?»

ሶፊ ፖስታውን ቀጭኔዋ ልትገባበት በነበረው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አኖረችው፤ በጀርባው በኩል፣ ሁለቱም ማኅተሞች እንዲታዩ። መግለጫው ላይ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀቻት። አዴ ሸፊቃ ብዙ አላሰበችም።

«ደብዳቤው የአያቴ ነው። ማኅተሙ የወልደጻድቅ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ።»

ሶፊ ጻፈችው። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ከደረት ኪሱ አንዱን እስክሪብቶ አወጣና፣ ከረጢት እንደሚረከብ ሰው፣ ከሥሩ ፈረመ።